ሳልጸንስ ውሰጂልኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሲስተር ዘውዴ፣ ለመሆኑ ስንት ልጅ አዋለድሽ?» አልቆጠርኩም! የእንቁላል ነጋዴ ነኝ እንዴ የምቆጥረው? አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። የመጣችውን ተቀበልኩ፣ የተወለደውን አቀፍኩ፣ ካዘነችው ጋር አለቀስኩ። ስለ ደሞዙና ስለ ፎርሙ ብዛትማ አታስጀምሩኝ፤ ደሞዙ ያው የመንግሥት ደሞዝ ነው፣ ፎርሙም ያው ፎርም ነው።

እኔ መናገር የምፈልገው ማንም ስለማይጠይቀኝ ነገር ነው። የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት ከሴቶች ዳሌ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ስብ ተቀብዬ በማቀዝቀዝ ነው። አዎ፣ ስብ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ሳቁን ያስተወችኝ ተዋበች ናት።

የመጀመሪያ ምድቤ አምባሰል ነበር፤ ከግሸን ተራራ ወረድ ብሎ ያለ ትንሽ ጤና ጣቢያ። መኪና ከሚያወርደኝ ቦታ ቀሪው በእግር ነው። እዚያ የተቀበሉኝ እትየ ሙሉነሽ የሚባሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ሥራውን ትምህርት ቤት ተማርኩት እንጂ የያዝኩት ከእሳቸው ነው።

እትየ ሙሉነሽ ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ዱካ፣ ያችን አጭር በርጩማ፣ ስበው ከእሷ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በ«አዎ» እና በ«አይ» የሚመለስ ጥያቄ አይጠይቁም። አንድ ቀን እኔ አንዷን «ቁርስ በላሽ ወይ?» ስል ሰምተው ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲያ ብለሽ ከጠየቅሻትማ አዎ ትልሻለች። ጦሟን ብትሆን በልቻለሁ ነው የምትልሽ። ሰው ፊት አልበላሁም ብላ ልትዋረድልሽ ነው? ይልቅ መጀመሪያ የቀመስሽው ምንድን ነው፣ ፀሐይዋስ የት ደርሳ ነበር በያት።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ሕፃን ሲሞት ነው። ከእናቲቱ ጎን ቁጭ ይላሉ፣ እጇን ይይዛሉ፣ ያለቅሳሉ። ምክንያቱን ካላወቁት ግን አንዲት ቃል አይወጣቸውም። «የማታውቂውን ነገር ስም አታውጪለት» ይሉኝ ነበር። «ስም ካወጣሽለት ሰው ሁሉ ያወቀው ይመስለውና መፈለጉን ይተዋል።»

ተዋበችን ያወቅኳት እትየ ሙሉነሽ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ነው። ቀጠን ያለች፣ ሣቂታ፣ የሚወዳት ባል ያላት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መጣች። ጭንቅላቱ ወጣና ትከሻው እምቢ አለ። እትየ ሙሉነሽና እኔ የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፤ ያን ቀን ያላዞርናት አቅጣጫ የለም። ልጁ ሲወጣ ትልቅ ነው፤ ከዚያች ቀጭን ሴት ወጣ ብሎ የሚያምን የለም። አልተነፈሰም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን የጠላሁት ቀን የለኝም።

ሁለተኛው ልጇ ደግሞ መውለጃዋ ሲቃረብ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ያኔ መንደሩ ስም አወጣለት፤ ሾተላይ ነው አለ። በኛ አገር ልጅ ደጋግሞ የሚሞትባት ሴት ሁሉ ሾተላይ አለባት ይባላል። ሐኪም ሾተላይ የሚለው የእናትየውና የልጁ ደም ሳይስማማ ሲቀር ነው፤ የተዋበችን የደም ዓይነት ግን ያየ ሰው የለም። እንዲያም ሆኖ ከአንድ ክሊኒክ በሰጧት ካርድ ላይ ሳይቀር «ሾተላይ» ብለው ጽፈውባት ነበር። አማቷ ልጃቸውን ይመርን «ደሟ ልጅ አያሳድግም፤ ፍታት» ይሉት ጀመር። ይመር አልፈታትም፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ዝም ማለት አበዛ።

ከዚያ እኔ ወደ ሐይቅ ተዛወርኩ። አለቃ ተለዋወጠ፣ ሕንፃ ተቀየረ፣ እኔም ሸበትኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳለን ነው ዶክተር ኑሩ የመጣው።

ዶክተር ኑሩ የማኅፀን ሐኪም ነው፤ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ የኛው ልጅ። ከማዋለዱ ጎን ለጎን የምርምር ሥራ ይዞ መጣ። እርግዝና በሴቶች ስብ ውስጥ ምን እንደሚለውጥ ነበር የሚያጠናው። ረዳት ፈልጎ እኔን ጠራኝ።

«ዶክተር፣ በዚህ አገር ሴቱ ሁሉ ከስቶ አንተ ስብ ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«አብሽሪ እትየ ዘውዴ፣ የምፈልገው ትንሽ ናት» አለኝና ማስረዳት ያዘ። «ዘረመል የምንለው ነገር በመላ አካላችን ውስጥ ያው አንድ ዓይነት ነው። ጉበትሽም ውስጥ ስብሽም ውስጥ ሁሉም አለ። ሁሉም ግን እኩል አይሠራም። የድግስ ቤት አስቢ። ሴቶቹ ሁሉ ሁሉንም ሥራ ይችላሉ፤ ዛሬ ግን አንዷ ወጥ ላይ ናት፣ አንዷ ጠላ ላይ፣ አንዷ ቁጭ ብላ ታወራለች። እርግዝና ሲገባ ስቡ ውስጥ የሥራ ድልድሉ ይቀየራል። ስኳር ከደም ወደ ስብ የሚያስገቡት ቀዝቀዝ ይላሉ፤ ስኳሩ ለልጁ እንዲተርፍ። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው። አንዳንዷ ሴት ላይ ግን ከልክ ያልፋል መሰለኝ። ቆሽቷ አይችለውም፣ ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይከማቻል፣ ልጁ ያለ ልክ ይወፍራል። ለምን እሷ ላይ? እሱን ነው የምፈልገው።»

ልጁ ያለ ልክ ይወፍራል ሲለኝ ያ ያልተነፈሰ ሕፃን ፊቴ መጣ። «እሺ፣ እሠራለሁ» አልኩት። እንዴት እንደሚሠራ እንኳ አልጠየቅኩም።

ሥራው ፍጥነት ነው። አንድ ዘረመል ሥራ ላይ ሲሆን መልእክት ያወጣል፤ አር ኤን ኤ ይሉታል። ያ መልእክት ሥጋው ከሰውነት እንደወጣ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ ዶክተሩ የሴቲቱን ዳሌ አደንዝዞ በወፍራም መርፌ ስቡን ሲስብ እኔ ጓንቴን አጥልቄ፣ ክዳኖቹን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ስቡ ደም ተቀላቅሎበት ይመጣል። ደሙ የራሱ መልእክት ስላለው ይረብሸናል፤ በጨው ውኃ ደጋግሜ አጥባለሁ፣ ቢጫው ጥርት እስኪል። ከዚያ ጎዝ ጨርቅ ላይ አጠንፍፌ፣ በመቆንጠጫ አንስቼ፣ በትንሿ ብልቃጥ ከትቼ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበት ትልቅ ቴርሞስ ውስጥ እለቃታለሁ። ጭስስ ትላለች። በዚህ መካከል ስልክ ቢጮህ አይነሳም፣ ሚኒስትር ቢመጣ አይገባም!

ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ቴርሞሱን ማየት ነው። ቀጭን የእንጨት ዘንግ እስከ ታች እነክርና አውጥቼ አየር ላይ አወዛውዛታለሁ። ፈሳሹ የደረሰበት ድረስ ነጭ በረዶ ይይዛታል። ናይትሮጅኑ ከደሴ ነው የሚመጣልን፤ በረዶው ዝቅ ካለ ወዲያው ስልክ ነው።

ሴቶቹማ ይቀልዱብናል። «እትየ ዘውዴ፣ ሥጋ ቤቱ አጠገባችሁ እያለ ስብ ፍለጋ እኛ ጋ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ «የኔን ሙልጭ አድርጋችሁ ውሰዱልኝ፣ ቀሚሴ እምቢ ብሎኛል» ትላለች። ይስቃሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ የፈቀደች ትፈርማለች።

አንድ ነገር ግን ዶክተር ኑሩን እንቅልፍ ይነሳው ነበር። በእርግዝና ወቅት የተወሰደ ስብ አለን፣ ከወሊድ በኋላ የተወሰደ አለን። ከእርግዝና በፊት ከዚያችው ሴት የተወሰደ ግን የለንም። እሱ ከሌለ፣ ችግሩ ቀድሞ ስቧ ውስጥ የነበረ ይሁን እርግዝናው ያመጣው መለየት አይቻልም።

«ልትጸንስ ያሰበች ሴት ፈልጊልኝ» አለኝ።

አሁንም ሳቅሁበት። «አንተ ደግሞ! የኛ ሴት ጸንሳ እንኳ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ለእናቷ አትናገርም። ዓይን ይበላኛል ብላ ነጠላዋን አስፍታ ነው የምትሄድ። ገና ሳትጸንስ ልጸንስ ነው ብላ ሰው ፊት የምትናገር ከየት ላምጣልህ?»

«ኢንሻ አላህ አንድ ቀን» አለና ተወው።

ተዋበች ከባሏ ጋር ሐይቅ ድረስ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ሳታቅፈኝ በፊት ካርዷን ዘረጋችልኝ። «እትየ ዘውዴ፣ ሾተላዩን የሚያስቀር መርፌ አለ አሉኝ። ውጊኝ።»

ደሟን አስመረመርን። የደም ዓይነቷ ከሾተላይ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጣቷን ወግተን ስኳሯን አየን፤ ደህና ነው። ዶክተሩ ግራ ገባው። እኔ ዱካዬን ስቤ ከእሷ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተዋቡ፣ ትናንት መጀመሪያ የቀመስሽው ምንድን ነው? ፀሐይዋስ የት ነበረች?»

አጎነበሰች። ባሏን አየችው። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው የምቀምሰው። ለግሸን ማርያም ተስያለሁ። ይሄን ልጅ ካተረፈችልኝ ብዬ፣ እስክወልድ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ልጾም።»

እኔና ዶክተሩ ተያየን። ሐኪም ቤት ሁልጊዜ ጠዋት ነው የምትሄደው። ሁልጊዜ ባዶ ሆዷን ነው ጣቷ የሚወጋው። በዚያ ሰዓት ስኳሩ ከየት ይምጣ!

«ዛሬ ጾምሽን እዚሁ ነው የምትፈቺው» አልኳት። ይመር ሮጦ ሽሮ በእንጀራ አመጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፊታችን በላች። ጠበቅናት። ከዚያ ዶክተር ኑሩ ራሱ ጣቷን ወጋ። መሣሪያውን አየና እንደገና ወጋት። አንድ ነው። ስኳሯ ጣራ ነክቷል።

«ምንድን ነው? እንደገና ሊሞትብኝ ነው?» አለች ተዋበች።

«አብሽሪ። አሁን ስሙን አወቅነው፤ ስኳር ነው» አልኳት፤ እኔም እንባዬ መጣ። እትየ ሙሉነሽ በሕይወት ቢኖሩ ያን ቀን እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር።

ዶክተሩ ለባልና ሚስቱ ስለ ስቡም ስለ ስኳሩም አንድ በአንድ አስረዳቸው። ይመር ባርኔጣውን እጁ ላይ እያዞረ «ደሟ ነው ሲሉኝ ነው የኖርኩት» አለ።

«ደሟ ምንም አላጠፋም» አለው ዶክተሩ። «እሷም ምንም አላጠፋችም። ይሄንን በቃሌ ለእናትህ ንገርልኝ።»

ተዋበች ግን አልጨረሰችም። «ታዲያ ይሄ ነገር ድሮም እኔ ውስጥ የነበረ ነው፣ ወይስ እርግዝናው ነው ያመጣብኝ?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ደስ ብሎት አይደለም። «እሱን እኔም አላውቀውም። ለማወቅ ሳትጸንሺ የተወሰደ ስብ ያስፈልገኝ ነበር። ያንቺ ብቻም አይበቃም፤ የብዙ ሴት ያስፈልጋል።»

«ያሁኑን ውሰዱ እንግዲህ» አለችና ዳሌዋን ሰጠችን። መርፌው ሲገባ አላቃሰተችም። የእሷን ብልቃጥ ሳጥብ እጄ እንደዚያ ተጠንቅቆ አያውቅም።

የነፍስ አባቷ ስለቱን በምጽዋት ቀየሩላት። መውለጃዋ እስኪደርስ የእናቶች ማቆያ ገባች። ኢንሱሊን አወጋጓን አስተማርኳት፤ መቼ ምን እንደምትበላ አብረን አወጣን። ይመር በየሳምንቱ ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ አሁን ያወራል፣ እንዲያውም አላስቀምጥ አለን።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ጠዋት ስገባ ቴርሞሱ ከውጭ ላብ አውጥቷል፤ ውርጭ ለብሷል። ይሄ ማለት ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ዘንጓን ነከርኩ፤ በረዶው ታች ጫፏ ላይ ብቻ ነው። ደሴ ደወልን። መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና አይንቀሳቀስም አሉን። ደግመን ደወልን፣ ሌላ ቦታ ደወልን፣ ለመንን። ተራ በረዶ ደግሞ አይተካውም። ዘንጓን ስነክር፣ ሳወጣ፣ ስነክር ዋልኩ። በመጨረሻ ደርቃ ወጣች። የስንት ሴት አደራ እጃችን ላይ ቀለጠ። ዶክተር ኑሩ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ። እኔም አጽናኑኝ አላልኩም፤ ቁጭ ብዬ ተነፋረቅሁ።

እዚያው ቁጭ ብለን ሳለን የማቆያው ሠራተኛ እየሮጠች መጣች። «ተዋበች ምጥ ይዟታል!»

ብድግ አልኩ። «ዶክተር፣ ተነሣ! ስቡ ቀልጧል፣ ልጁ ግን አይሞትብንም!»

መንገዱ እንደተዘጋ ነው፤ ደሴ መላክ የሚባል ነገር የለም። ትከሻው እንደ መጀመሪያው ልጅ እምቢ እንዳይለን እዚያው ሐይቅ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባናት። ዶክተሩ ሆዷን ከፍቶ ልጁን ሲያወጣው እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። ትልቅ ነው። እንደዚያኛው ትልቅ ነው። ጀርባውን አሸሁት። ዝም አለ። አሸሁት። ከዚያ አገሩን የሚያናውጥ ጩኸት ለቀቀው። እሰይ! እሰይ! እልልታዬን ማን ይከልክለኝ? ስሙን ተረፈ አሉት።

ተረፈ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር ተዋበች አዝላው መጣች። ከወሊድ በኋላ የሚወሰደውን ልትሰጥ ነው። አስቀምጫት እውነቱን ነገርኳት፤ የእርግዝናሽ ስብ ቀልጧል፣ ያሁኑም ለብቻው የሚመሳከርበት የለም አልኳት።

«የኔ ስብ ቀለጠ በይኛ» አለች።

«ቀለጠ።»

«ታዲያ ጥያቄዬስ?»

ልጇን መልሳ አዘለችና ወጣች። ተቀየመችኝ ብዬ ብዙ ጊዜ ከነከነኝ።

ሥራ ልለቅ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው። አዲስ ቴርሞስ ከመጣልን ቆይቷል፤ ጥናቱም ቀጥሏል፤ ከእርግዝና በፊት የሚወሰደው ስብ ግን እንደጎደለ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር አግዳሚ ወንበሩ በሴቶች ሞልቷል። ተዋበች የተረፈን እጅ ይዛ ገባች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ መሃል ላይ ቆመች።

«እትየ ዘውዴ፣ ልጸንስ ነው።»

«አንቺ፣ በስመ አብ! አፍሽን ያዢ!» አሉ አንዲት ባልቴት። ሌላዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አልይዝም እትየ» አለች ተዋበች። «ሁለቱን ስደብቅ ነው የቀበርኳቸው። ማን አተረፈልኝ መደበቄ? እኔ ጥያቄ አለኝ። ድሮም በኔ ውስጥ ያለ ነው ወይስ እርግዝናው ነው የሚያመጣው? ይመርም እናቱም ይወቁት፣ እኔም ልወቀው።» ወደ እኔ ዞረች። «ሳልጸንስ ውሰጂልኝ። ስጸንስ ውሰጂ። ስወልድም ውሰጂ። እንደገና ከቀለጠብሽ ደግሞ እንደገና እመጣለሁ።»

«ተዋቡ፣ እኔ እኮ ልወጣ ነው፤ የጡረታ ደብዳቤዬ ደርሷል» አልኳት።

«ደብዳቤው እጅሽን ወሰደው እንዴ?»

ሳቅ ተነሣ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከወንበሩ ጫፍ፣ ከራሷ አማት ጎን የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግር ሙሽራ ቀስ ብላ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። አማቷ ቀሚሷን ጎተቱ፤ አልተቀመጠችም።

«ለኔም… ቦታ ካለ» አለች።

ውስጥ ገብቼ ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ዘንጓን ነከርኩ፣ አውጥቼ አየር ላይ አወዛወዝኳት። ነጩ በረዶ እስከ ላይ ድረስ ያዛት። በሩን ከፈትኩና «ማን ትቅደም?» አልኩ።